ለአይኤልትስ ድርሰት ላዘጋጁኝ መምህር ምስጋና፣ ለምትዘጋጁም ጥቆማ

ለውጭ አገር የትምህርት ዕድል የሚያስፈልገኝን የአይኤልትስ (የእንግሊዝኛ ቋንቋ ችሎታ መለኪያ ፈተና) ውጤት አግኝቻለሁ፤ ከሁሉም በላይ ያስደሰተኝ የጽሑፍ ክፍሉ ነው። ለዚህ ያበቁኝ አዲስ አበባ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያስተምሩ፣ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር ናቸው። ስማቸው በአደባባይ እንዲነሣ ስለማይወዱ አልጠራቸውም፤ ምስጋናዬ ግን በአደባባይ ይሁን።

ሁለተኛው የጽሑፍ ጥያቄ በ40 ደቂቃ ቢያንስ 250 ቃላት ይጠይቃል፤ ክብደቱም የመጀመሪያው እጥፍ ነው። ከራሳችሁ ዕውቀት ወይም ልምድ ምሳሌ አካትቱ ይላል። ሰዋስው አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ሳይቀር ደቂቃው የሚያልቅበት ይህን ምሳሌ ሲያስስ ነው።

መምህራችን ያስተማሩን ምሳሌ መምረጥን ነው። አንድ ቀን «መንግሥት ለስፖርት ማዘውተሪያዎች ብዙ ገንዘብ ማውጣት አለበትን?» ብለው ሰሌዳ ላይ ጻፉ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ አበበ ቢቂላን ጠራ። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ማሸነፉን የማያውቅ ማን አለ? እርሳቸውም በእርጋታ አዳምጠው «በባዶ እግሩ ካሸነፈ ታዲያ ማዘውተሪያው ለምን አስፈለገ?» አሉን። የምንኮራበት ታሪክ ልንሟገትለት የተነሣነውን ሐሳብ ያፈርሰው ነበር!

ቀጥለው በቆጂን አነሡ። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከዚያች የአርሲ ከተማና ከአካባቢዋ ተነሥተው ለኦሊምፒክ ወርቅ የበቁት፣ ሩጫን በአሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ እጅ ጀምረው ነው። ይህ ምሳሌ ገንዘቡ በየወረዳው ላሉ አሠልጣኞች ይዋል ለሚል ሰው ግሩም ነው። ሜዳ ይሠራ የሚል ሰው ግን የሰፈሩ ሜዳ ሕንፃ ሲበቅልበት መጫወቻ ያጡትን ልጆች ቢጽፍ ይሻለዋል። አንዱ ምሳሌ ለሁሉም ጥያቄ እንደማይሆን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላየሁም።

«በአንድ ጥናት መሠረት 80 በመቶ» የሚል የፈጠራ አኃዝ ፈጽሞ አይወዱም። ያየነውን ነገር ማን፣ የት፣ ምን ሆነ ብለን በሁለት ወይም በሦስት ዓረፍተ ነገር እንድንጽፍና በሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ከሐሳባችን ጋር እንድናስረው ያደርጉናል። ብዙዎቻችን የምንዘለው ይህን ማሰሪያ ነው፤ እርሳቸው ደግሞ እርሱ ከጎደለ ወረቀቱን መልሰው ያስጽፋሉ።

ሰዋስው ከመሠረቱ ለሚጀምር ሰው ክፍላቸው ይከብዳል፤ ያንን ሌላ ቦታ ጨርሳችሁ ብትሄዱ ይሻላል። ይህን ያህል ነጥብ ታመጣላችሁ ብለው ቃል አይገቡም። የጻፋችሁትን ግን መስመር በመስመር አርመው በሳምንቱ ይመልሱላችኋል። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እንድሰጥ ፈቅደውልኛል።

መምህር፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።