ለኩላሊት ታማሚ ብርቱካን አይወሰድም፤ እኔ ፒያኖ ወሰድኩላት

በሽተኛ በባዶ እጅ አይጠየቅም። ብርቱካን፣ ሙዝ፣ ጁስ ይያዛል። ጓደኛዬ ግን ኩላሊቷ ከደከመ ወዲህ እነዚህን ሁሉ ተከልክላለች። ብርቱካንና ሙዝ ፖታሺየም ይበዛባቸዋል፤ የደከመ ኩላሊት እሱን ማስወጣት ያቅተውና ጣጣው ልብ ላይ ይመጣል። ፈሳሽም በልክ ነው፣ ውሃ እንኳ ተለክቶ ነው የሚሰጣት። ጎንደር ደግሞ የታመመ ሰው ቤት ባዶ ሆኖ አያድርም። ሰው በፌስታል ፍራፍሬውን ይዞ ይመጣል፣ እናቷ በይሉኝታ ይቀበላሉ፣ ከዚያ ለጎረቤት ልጆች ይታደላል። እኔም መጀመሪያ ሰሞን ምን ይዤ እንደምገባ ጨንቆኝ ነበር።

በመጨረሻ ይዤ የገባሁት ሙዚቃ ነው። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የፒያኖ አልበም። "ኢትዮፒክስ" በሚባለው የፈረንሳዩ ቡዳ ሙዚክ ተከታታይ ውስጥ 21ኛ ሆኖ በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው ማለቴ ነው። 16 ሥራዎች አሉት፣ ሁሉም ፒያኖ ብቻ። ከ4 ወር በላይ በሳምንት ሁለት ቀን ከእሷ ጋር ስለሰማሁት፣ ለታመመ ሰው ይዞ ለመሄድ ላሰበ የሚጠቅም ነገር የምል ይመስለኛል።

እጥበት በሳምንት 3 ቀን ነው፣ አንዱ 4 ሰዓት አካባቢ ይወስዳል። ማክሰኞና ቅዳሜ እኔ አብሬያት እሄዳለሁ፣ ሐሙስ እህቷ። ግራ ክንዷ ላይ ሁለት መርፌ ይገባል። ደሙ በአንዱ ይወጣል፣ ማሽኑ ያጥበዋል፣ በሌላው ይመለሳል። ያ ክንድ መንቀሳቀስ የለበትም። ብርድ ብርድ ይላታል፣ አንዳንዴ ግፊቷ ይወርድና ዓይኗ ይርገበገባል። ወሬ ሲሆን መልስ ይጠብቃል፣ እሷ ደግሞ ለመልስ የሚሆን አቅም የላትም። እኔን ላለማስከፋት ብላ ፈገግ ስትል አንጀቴን ትበላው ነበር። ዘፈንም ሞክረን ነበር፣ ግን ዘፈን ቃል አለው። ስለ ፍቅር ሲሆን አንድ ነገር ያስታውሳታል፣ ስለ ናፍቆት ሲሆን ሌላ። "አጥፊው በቃ፣ ይሄም ሰው ሊያወራኝ ነው" አለችኝ አንድ ቀን።

ፒያኖው ምንም አይጠይቃትም።

አልበሙን መጀመሪያ ያገኘሁት ከቴሌግራም ነበር። ከአንዱ ወደ አንዱ ሲተላለፍ ተጨምቆ ተጨምቆ የቀረ ነገር። ፒያኖ ላይ ይሄ ጉድ ቶሎ ይታወቃል። ቁልፉ ሲመታ ደህና ይመስላል፣ ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው፤ ድምፁ ቀስ እያለ መጥፋት ሲገባው ጭራው ይቆራረጣል፣ ውሃ ውስጥ እንደገባ ይሆናል። ለጤነኛ ሰው መንገድ ላይ ይበቃው ይሆናል። ተኝቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሌላ ምንም ሥራ ሳይኖረው ለሚሰማ ሰው ግን ያደክማል። እሷም ያለችኝ ይሄንኑ ነው፤ "ጆሮዬን ይቆረጥመኛል" ነው ያለችው። ከዚያ ውጭ ያለችው የአጎቴ ልጅ አልበሙን ገዝታ፣ ፍላክ በሚባለው ሳይጎድል በሚቀመጥበት ፋይል፣ በፍላሽ ላከችልኝ። ፋይሉ ስልክ ላይ ብዙ ቦታ ይይዛል። እኔ ግማሽ ፎቶዎቼን አጥፍቼ ነው ያስገባሁት። ኔት ቢኖር ባይኖር ግን አያገባኝም፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ልዩነቱን የመጀመሪያው ሥራ ላይ ነው ያየሁት። የድሮ ቀረጻ ነው፣ ከኋላ ሽሽ የሚል ድምፅ አለው፣ እንደ ዘንድሮ ስቱዲዮ አልተወለወለም። ግን ክፍሉ ይሰማል። የአንዱ ኖታ ድምፅ እስኪያልቅ እማሆይ ይጠብቁታል፣ አንዳንዴ በጣም ይጠብቁታል፣ ያ ዝምታ ውስጥ ነው እሷ የምትተነፍሰው። ትከሻዋ ወረድ ሲል አየሁት። ቀረጻው ያማረ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ስለ ጆሮ ማዳመጫ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ብዙ ቀን አበላሽቼዋለሁ። ገመድ የሌለው ስትጋደም ይወድቃል፣ እኔም ከአልጋ ሥር ስፈልግ ነርሷን አስቸግራለሁ። ገመድ ያለው ይሻላል፣ ግን ገመዱ መርፌ ባለበት ክንድ በኩል ማለፍ የለበትም፤ በቀኝ በኩል፣ ከትራሱ በላይ አድርጉት። አንዱን እሷ አንዱን እኔ ነበር የምናደርገው። ለካ ተሳስተናል! ፒያኖ በስቴሪዮ ሲቀረጽ፣ በተለይ አዳዲሶቹ ቀረጻዎች ላይ፣ ብዙ ጊዜ ወፍራሙ ድምፅ ወደ አንዱ ጆሮ ቀጭኑ ወደ ሌላው ያደላል። ማለት ለሳምንታት እሷ የአንድ እጅ፣ እኔ የሌላ እጅ ሙዚቃ ስንሰማ ኖረናል። መፍትሔው ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ነው። አክሰሰቢሊቲ የሚለው ውስጥ "ሞኖ ኦዲዮ" የሚል አለ፣ እሱን ስታበሩት ሁለቱም ጆሮ ሙሉውን ያገኛል። ያንን ያደረግኩ ቀን ቀና ብላ አየችኝና "አሁን ገና መጣሽ" አለችኝ።

አባቷ መሪጌታ ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር። ቤት ውስጥ ዜማ እየሰማች ያደገች ልጅ ናት። እማሆይ አንድ ኖታ ላይ ጣታቸውን ሲያርገበግቡ ቀኝ እጇን ከብርድ ልብሱ አውጥታ በአየር ላይ ትንሽ ምልክት ሠራች። "አንቺ፣ ይሄኮ ርክርክ ነው! አባዬ እንዲህ ነበር የሚያወርደው።" እኔ ስለ ዜማ ምልክት ብዙም አላውቅም፣ እሷ ግን አልተሳሳተችም። እማሆይ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. እዚሁ ጎንደር ተቀምጠው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ተምረዋል። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ሄደው ቫዮሊንና ፒያኖ የተማሩ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር አዚናራ ደሴት ላይ የታሰሩ፣ ኋላም መንኩሰው ግሸን ማርያም ላይ ለ10 ዓመት ባዶ እግራቸውን የኖሩ ሴት ናቸው። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታም የዚችው የጎንደር ከንቲባ ነበሩ። እኛ ግን ትምህርት ቤት እያለን ስማቸውን የነገረን አልነበረም፣ ይሄ ያናድደኛል።

የበለጠ የነካን ግን ሌላው ታሪካቸው ነው። ጎንደር እያሉ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመላለሱ ደጃፉ ላይ የሚያድሩ፣ ለምነው የሚበሉ የቆሎ ተማሪዎችን ያዩ ነበር። የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም። ያላቸው ሙዚቃ ነበር፣ ስለዚህ ሙዚቃቸው ተሽጦ ልጆቹን እንዲያስተምር ወሰኑ። የመጀመሪያው ሸክላቸው በ1967 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ ወጣ።

ይሄንን ለጓደኛዬ የነገርኳት እሑድ ቤቷ ነው፣ እጥበት በሌለበት ቀን። ድምፅ ማጉያ ከፍተን እየሰማን ነበር። ገና ተርኬ ሳልጨርስ ከውጭ "በእንተ ስማ ለማርያም፣ ስለ ማርያም" የሚል የልጅ ድምፅ መጣ። ጎንደር ነው፣ በየቀኑ የምንሰማው ነው፣ ብዙ ጊዜ ጆሮም አንሰጠውም። እሷ ግን "እማዬ፣ ልጁን እንዳትመልሽው" ብላ ጮኸች፣ ለወራት እንደዚያ ጮክ ብላ ስትናገር አልሰማሁም። እናቷ እንጀራ በሽሮ ጠቅልለው ወጡ። ልጁ ለምዱን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ቆሟል። መስኮቱ ክፍት ስለነበር ፒያኖው እስከ ደጅ ይሰማል። ትንሽ ቆሞ ሰማና ሄደ።

ድምፅ ማጉያውን በተመለከተ፦ እኛ ከተማ የሚሸጡት ትንንሾቹ ባለ ብሉቱዝ ማጉያዎች ቤዝ ይወዳሉ፣ ለፒያኖ አይሆኑም። የእኔ ኮመዲኖው ላይ ሲቀመጥ ወፍራሙ ኖታ በመጣ ቁጥር የመድኃኒት ብርጭቆውና ማንኪያው አብረው ይንቀጠቀጡ ነበር። ጋቢ አጣጥፌ ከሥሩ ሳደርግለት ጸጥ አለ። ድምፁን ከሰው ንግግር ዝቅ አድርጉት። ዝቅ ሲል ነው የሚያምረው።

አልበሙ ላይ ያስቸገረኝ አንድ ነገር አለ። ሁለተኛው ሥራ በእንግሊዝኛ የተሰጠው ስም "የሟች የመጨረሻ እንባ" እንደማለት ነው። ይሄን ለእሷ እንዴት አጫውታለሁ? ከስልኬ አጠፋሁት። ምንም አላልኩም። አንድ ማክሰኞ ስልኩን በቀኝ እጇ ይዛ ዝርዝሩን ስታይ "ከ1 ወደ 3 ይዘላል፣ 2 የት ሄደ?" አለች። ፋይሉ ተበላሽቶ ነው አልኳት። ዓይኔን አየችኝ። ፊቴ ላይ ውሸት አይቆምም፣ ስለዚህ ነገርኳት።

"ሐኪሞቹ የምበላውን ይመርጡልኛል፣ የምጠጣውን ይለኩልኛል። አንቺ ደግሞ የምሰማውን ልትመርጪልኝ ነው?"

ቅዳሜ ከፍላሹ መልሼ ጭኜ መጣሁ። ዓይኗን ጨፍና ሰማችው። እኔ ማሽኑን እያየሁ ነበር፣ እሷን ማየት ፈርቼ። ሲያልቅ "ድገሚው" አለች። ደገምኩት። ስለዚህ ሥራዎቹን ከመክፈታችሁ በፊት ስማቸውን አንብቡ፣ ግን የታመመውን ሰው ራሱን ጠይቁት እንጂ እንደ እኔ አትደብቁት።

4 ሰዓት ረጅም ስለሆነ ሌላም እንጨምራለን። የግርማ ይፍራሸዋን በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ "ፍቅርና ሰላም" አልበም ወደነዋል። ቡልጋሪያ ሶፊያ የተማረ ፒያኒስት ነው፤ አምባሰልን በፒያኖ ሲጫወተው ሙሉ ኮንሰርት ይመስላል። በቀረጻ ጥራት ከሆነ እሱ ይበልጣል፣ ጥርት ያለ ነው፣ የቴሌግራም ኮፒ ከሰማችሁት ግን ግማሹ ይቀርባችኋል። ጉልበት ባላት ቀን እሱን ትመርጣለች። ደክሟት ከመጣች እማሆይን። እማሆይ በ2023 እ.ኤ.አ. በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም አርፈዋል፣ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚያው ገዳም ነበሩ። 99 ዓመት ስላት ጓደኛዬ "ዋ! ፒያኖ እየመቱ?" አለች።

አሁን ደግሞ አዲስ ነገር መጥቷል። አጠገቧ ያለው አልጋ ላይ ከዳባት የሚመላለሱ እናት አሉ። ለሰዓታት ጣሪያ ሲያዩ ነው የሚውሉት። ባለፈው ቅዳሜ "ልጆቼ፣ ምንድን ነው የምትሰሙት?" አሉን። የእኔን ጆሮ ማዳመጫ አውጥቼ ሰጠኋቸው። "በገና ነው?" አሉ መጀመሪያ። የመነኩሴ ፒያኖ ነው፣ እማሆይ ናቸው ስላቸው በነጻው እጃቸው አማተቡና ዓይናቸውን ጨፈኑ። አልመለሱልኝም እስከ መጨረሻው፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ስለዚህ አሁን ሦስት ሆነናል፣ ማዳመጫው ግን አንድ ነው። ከአንድ ስልክ ለሁለት ማዳመጫ የሚያከፋፍለውን ገመድ እየፈለግኩ ነው። ፒያሳና አራዳ ያሉትን ሱቆች ዞሬ አላገኘሁም። ጎንደር ውስጥ ያየ ሰው ካለ ይጠቁመኝ፣ ከማክሰኞ በፊት ቢሆን ደግሞ በጣም ደስ ይለኛል።