የጣፋጭ ማሸጊያ ማንበብ ላስተማረችን እህት ምስጋና

ወገኖቼ፣ እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ የምትሠራ አንዲት የሥነ ምግብ ባለሙያ እህታችንን በአደባባይ ላመሰግናት፣ ለቸገረውም ልጠቁማት ነው የምጽፈው።

ባለቤቴ የአልፋ ጋል (በአጥቢ እንስሳት ሥጋ ውስጥ ያለ የስኳር ዓይነት) አለርጂ አለበት። ሎን ስታር የምትባለው መዥገር ከነከሰችው ወዲህ የበሬ፣ የበግ፣ የአሳማ፣ ባጠቃላይ የአጥቢ እንስሳ ሥጋ አይስማማውም። ዶሮና ዓሣ ይበላል። አስቸጋሪው ነገር ሕመሙ ወዲያው አለመምጣቱ ነው፤ ከበላ ከ2 እስከ 6 ሰዓት ቆይቶ፣ አንዳንዴ እኩለ ሌሊት ላይ፣ ያሳክከዋል፣ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ግምት፣ ከ2010 ወዲህ በአሜሪካ እስከ 450,000 ሰው ይህ ችግር ሳያገኘው አልቀረም።

ሥጋውን ተወው። ያቃተን ጣፋጩ ነበር።

እህታችን ሱፐርማርኬት ድረስ አብራን ሄዳ ከመደርደሪያው እያነሳች አሳየችን። ጄሎ፣ ማርሽሜሎና ብዙዎቹ የሚለጠጡ ከረሜላዎች የሚረጉት በጄላቲን ነው፤ ጄላቲን ደግሞ ከአሳማና ከከብት ቆዳና አጥንት ነው የሚወጣው። የአንዳንድ ፓይ ቂጣ በአሳማ ስብ ይሠራል። ኬክና ኩኪስ ላይ የሚጻፈው «ሞኖ ኤንድ ዳይግሊሰራይድስ» የሚባለው ማዋሃጃ ከአትክልት ዘይትም ከእንስሳ ስብም ሊሆን ይችላል፣ ማሸጊያው የትኛው እንደሆነ አይናገርም። «ናቹራል ፍሌቨርስ» (የተፈጥሮ ማጣፈጫ) የሚለውም እንደዚያው። የአሜሪካ ሕግ ለይታችሁ ጻፉ የሚላቸው ዋና አለርጂዎች 9 ናቸው፤ ወተት አለበት፣ አልፋ ጋል ግን የለም። ስለዚህ ከሥር «ኮንቴይንስ» (በውስጡ ያለው አለርጂ) የሚለውን ብቻ አይቶ መግዛት አይበቃም። እሷ ራሷ ለፋብሪካው ደውላ ምንጩን ትጠይቃለች፣ መልሱንም በጽሑፍ ትቀበላለች። ካልመለሱላት «ጋሼ፣ ይሄ ይቅርብዎ» ትለዋለች፣ ያልተረጋገጠ ነገር አታስገዛም።

እኔን ከሁሉ በላይ ደስ ያሰኘኝ አኗኗራችንን ማወቋ ነው። ሐላል የተባለ ከረሜላ አሳማ የለበትም እንጂ የከብት ጄላቲን ሊኖርበት ይችላል፤ የሙስሊም ወገኖቻችን ይህን ልብ በሉ። ኮሸር (በአይሁድ ሕግ የተፈቀደ) የተባለውም አንዳንዱ ከዓሣ፣ አንዳንዱ ከከብት ነው። «ነን ዴይሪ» የተባለ የቡና ክሬም ላይ የወተት ፕሮቲን የሆነው ካዚኔት ተጽፎ አሳይታናለች፤ ለጾም የምንገዛ ሁሉ ልናየው ይገባል። ወተት ሁሉንም ታማሚ አይጎዳም፣ ባለቤቴ ይጠጣ አይጠጣ የሚለውን ግን ለአለርጂ ሐኪሙ ነው የተወችው። የሐኪም ሥራ ውስጥ አለመግባቷን አከብርላታለሁ። የመድኃኒት ካፕሱልም ብዙውን ጊዜ ጄላቲን ስለሆነ ፋርማሲስት ጠይቁ ብላናለች።

አሁን ከፍራፍሬ በሚወጣ ፔክቲን ወይም ከባሕር አረም በሚወጣ አጋር የረጋ፣ ቪጋን (ከእንስሳ የተገኘ ነገር የሌለበት) የተባለ ጣፋጭ እንገዛለን። እሱንም ቢሆን ሙሉ ዝርዝሩን አንብበን ነው።

አማርኛ ትናገራለች፣ ታጋሽ ናት፣ ሽማግሌ ታከብራለች። የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሷን አስፈቅጄ ስልኳን እልክላችኋለሁ። ስትሄዱ ቤት ያለውን የጣፋጭ ማሸጊያ ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከዚያ ነው የምትጀምረው።