ሳይመረምሩ መድኃኒት ያልጻፉልኝን ሐኪም ላመስግን

የሆርሞን ሐኪሜን በአደባባይ ላመሰግን ነው። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ! ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞናችሁ ዝቅ ብሏል ለተባላችሁ ሁሉ ደግሞ ጥቆማ ይሁናችሁ።

ጠዋት ከአልጋ መነሳት ሞት ሆኖብኝ ነበር። ብድግ ስል ያዞረኛል። ምግብ አስጠላኝ፣ ልብሴ ሁሉ ሰፋኝ። ፊቴ ሲጠቁር ሰው «ፀሐይ ነው» ይለኛል። ከቤት የማልወጣዋን ሴትዮ!

የዞርኩባቸውን ቦታዎች ስም አልጠራም። ግን እስካሁን ያንገበግበኛል። አንዱ ጋ ተናግሬ ሳልጨርስ «ጭንቀት ነው» ተባልኩና የእንቅልፍ ኪኒን ተጻፈልኝ። ሌላው ጋ ቫይታሚን። ለፊቴም ቅባት የሰጠኝ አልጠፋም። አንዱ ጋ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ደም ወሰዱና «ኮርቲሶልሽ ወርዷል» ብለው እዚያው ስቴሮይድ፣ እንደ ኮርቲሶል የሚሠራ መድኃኒት፣ ወጉኝ። ለጥቂት ቀን ነፍስ ዘራሁ። ከዚያ ከበፊቱ ብሶብኝ ተኛሁ። ኮርቲሶል በተፈጥሮው ጠዋት ከፍ፣ ወደ ማታ ዝቅ እንደሚል፣ ስለዚህ የከሰዓቱ ውጤት ብቻውን ብዙ እንደማይናገር ያወቅኩት በኋላ ነው። ለካ መርፌውም ራሱ ቀጣዩን ምርመራ ያዛባል።

«የአድሬናል ድካም ነው»፣ ማለትም ኮርቲሶል የሚሠሩት ዕጢዎችሽ ደክመዋል፣ ብሎ ጠብታ የሸጠልኝም አለ። ዋጋው ያስለቅሳል። እንዲህ የሚባል በሕክምናው የታወቀ በሽታ የለም አሉኝ ዶክተሯ። በዚህ ስም ከሚሸጡ ነገሮች ውስጥ ደግሞ ዕቃው ላይ ያልተጻፈ ስቴሮይድ የተገኘባቸው አሉ።

እሳቸው ጋ ስገባ ተስፋ ቆርጬ ነበር። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «እስከ ዛሬ ምን ምን ወሰድሽ?» ነበር። አንድ በአንድ ጻፉት። ቀጥለው እጄን ያዙና መዳፌን ወደ መስኮቱ አዞሩት። መስመሮቹ ጠቁረዋል። «አፍሽን ክፈቺልኝ እስቲ» አሉ። ድዴም ጠቁሯል። «ብዙ ሰው ሲፈጠርም ድዱ ጠቆር ያለ ነው። አዲስ መሆኑን ነው ማወቅ የምፈልገው። ስልክሽ ላይ የድሮ ፎቶ አለሽ?» አሉኝ። አሳየኋቸው። ፎቶውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ፎቶውን ደግመው አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው «ጨው ያምርሻል አይደል?» ሲሉኝ እንባዬ መጣ። ያን ሁሉ ደጅ ስጠና ስለ ጨው የጠየቀኝ አንድ ሰው አልነበረም። እኔም ያመረኝን በሽታ ነው ብዬ ለማን እናገራለሁ?

አስተኝተው ግፊቴን ለኩ፣ አቁመው ደግመው ለኩ። ስቆም ዝቅ ይላል። ያኔውኑ መድኃኒት ይጽፉልኛል ብዬ ነበር። አልጻፉም! «እንዲህ ተብሎ የሚጀመረው መድኃኒት ብዙ ጊዜ የዕድሜ ልክ ነው። ሳላረጋግጥ አልሰጥሽም። ራስሽን የምትስቺ፣ የምታስመልሺ ብትሆኚ ኖሮ ግን ደም ወስጄ፣ ውጤቱን ሳልጠብቅ የስቴሮይድ መርፌ እወጋሽ ነበር» አሉኝ። ይሄን የመሰለ ቀጥተኛ ንግግር ከሐኪም ሰምቼ አላውቅም።

በቀጠሮዬ ቀን ገና በማለዳ ደም ተወሰደ። ከዚያ ዕጢዎቹን የሚቀሰቅስ መርፌ ተወጋሁና ከ30 ደቂቃ፣ ከ60 ደቂቃ በኋላ እንደገና ደም። ዝርዝሩን አትጠይቁኝ፣ እኔም በወጉ አልገባኝም። የገባኝ ይህ ነው፦ ኩላሊት ላይ የተቀመጡት ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች ጤነኛ ከሆኑ በመርፌው ይነቃሉ፤ የኔዎቹ አልነቁም። አዲሰን የሚባለው በሽታ ነው። ቲቢም ዕጢዎቹን ሊጎዳ ስለሚችል እሱንም አጣሩልኝ። የኔው የራሴ የመከላከያ አቅም ነው ያጠቃቸው። ስደነግጥ ሲያዩ «ኬኔዲም ይሄው ሕመም ነበረበት፣ አሜሪካን መርቷል» አሉኝ። ሳቅኩ። ከስንት ጊዜ በኋላ!

ሃይድሮኮርቲሶን ተጀመረልኝ። የጎደለውን ኮርቲሶል ብቻ ለመተካት ነው። ቀኑን ተከፋፍሎ ይወሰዳል፣ ትልቁ ልክ ስነሳ፣ የመጨረሻው እንቅልፍ እንዳይነሳኝ አመሻሽ ላይ አይሆንም። የጨው ሚዛኔን የሚጠብቅ ፍሉድሮኮርቲሶንም አለኝ።

ልቤን የነካው ግን ባለቤቴን አስጠርተው ሁለታችንንም እንደ ተማሪ ያስጠኑን ነገር ነው። መድኃኒቱ በድንገት አይቆምም፣ መቼም። ትኩሳት ከመጣ መጠኑ እሳቸው በነገሩን ልክ በእጥፍ ወይም በሦስት እጥፍ ይጨምራል። ካስመለሰኝና ኪኒኑ ካልቆየልኝ የሃይድሮኮርቲሶን መርፌው ይወጋና በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። ጥርስ ለማስነቀልም ሆነ ለቀዶ ጥገና ስሄድ አስቀድሜ እናገራለሁ። ሕመሜን የሚገልጽ ካርድ ቦርሳዬ ውስጥ ይኖራል። ባለቤቴ ሲሳሳት «እንደገና በል» ይሉታል። ውጪ ወረፋው ተሰልፎ እሳቸው አይቸኩሉም። ሲስተሯም መርፌውን እንዴት እንደሚወጋ እጁን ይዛ አሳየችው። እጇ ይባረክ።

በኋላ ኃይለኛ ጉንፋን ያዘኝ። ትኩሳቱ ሲመጣ ባለቤቴ እኔ ሳልናገር መጠኑን አስታወሰኝ። በሰላም አለፈ። ድሮ ቢሆን አልጋ ላይ ቀርቼ ነበር።

ወገኖቼ፣ ድካም ሁሉ ኮርቲሶል አይደለም፣ እሳቸውም ይሄን ደጋግመው ነው የሚሉት። ግን ከድካሙ ጋር ክብደት ከቀነሳችሁ፣ ስትቆሙ ካዞራችሁ፣ ቆዳችሁ ከጠቆረ፣ ጨው ጨው ካሰኛችሁ ተመርመሩ። ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ ወስዳችሁ በድንገት ያቆማችሁም እንዲሁ። እባካችሁ ጠብታ ሻጭ ጋ አትሂዱ። እባካችሁ!

ዶክተሯ ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ወረፋቸው ረጅም ነው፣ ግን ጠብቁ፣ ያዋጣል። ስትሄዱ የወሰዳችሁትን ኪኒን፣ ቅባት፣ ጠብታ ሁሉ ሰብስባችሁ ያዙ። በሩን ሳትዘጉ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።