ለአንድ ሳይት ወይስ ለዓመቱ ሙሉ? ለአነስተኛ ተቋራጮችና ነጋዴዎች የኃላፊነት መድን ንጽጽር

አንድ አነስተኛ ተቋራጭ «ኢንሹራንስ አለኝ» ብሎ ከቦርሳው የሚያወጣው ወረቀት ብዙ ጊዜ የመልካም ሥራ አፈጻጸም ወይም የቅድመ ክፍያ ዋስትና፣ በተለምዶ ቦንድ የሚባለው ነው። ወረቀቱን የሰጠው መድን ድርጅት ስለሆነ፣ ስሙም «ዋስትና» ስለሆነ ስሕተቱ አያስገርምም። ይሁን እንጂ ቦንድ የሚጠብቀው አሠሪውን ነው፤ ድርጅቱ ለአሠሪው የከፈለውን ገንዘብ መልሶ የሚጠይቀው ራሱን ተቋራጩን ነው። ከሦስተኛ ፎቅ ያመለጠ መስታወት የቆመ መኪና ላይ ቢያርፍ ከቦንዱ አንድ ብር አይወጣም። ለእንዲህ ያለው ጉዳት የሚያስፈልገው የኃላፊነት መድን ነው።

በግንባታ ሥራ ላይ ላለ ሰው ዋናው ምርጫ በሁለት ፖሊሲዎች፣ ማለትም የመድን ውሎች፣ መካከል ነው። በሥራው አካባቢ «ካር» የሚባለው የኮንትራክተርስ ኦል ሪስክ ፖሊሲ ለአንድ ፕሮጀክት ብቻ የሚገዛ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ክፍሉ በግንባታ ላይ ያለውን ሥራና የተከማቸውን ዕቃ፣ ሁለተኛው ክፍሉ ደግሞ በሦስተኛ ወገን አካልና ንብረት ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ይሸፍናል። ፐብሊክ ላያቢሊቲ የሚባለው የሕዝብ ኃላፊነት መድን ግን በየዓመቱ የሚታደስና በፖሊሲው ላይ የተጻፈውን ሥራ በየደረሰበት የሚከተል ነው። አንድ ጂ ፕላስ ፎር ሕንፃ ይዞ ዓመት ከመንፈቅ ለሚቆይ ተቋራጭ ካር ይሻላል። በወር አምስት ቤት እየዞረ ሴራሚክ ለሚያነጥፍ ወይም አሉሚኒየም ለሚገጥም ባለሙያ ግን ለእያንዳንዱ ሥራ ፖሊሲ መግዛት ስለማያዋጣ ዓመታዊው ይመረጣል። በንዑስ ተቋራጭነት የሚሠራ ሰው «ዋናው ተቋራጭ ካር አለው» በሚል ወሬ ከመተማመን ይልቅ የፖሊሲውን ቅጂ ጠይቆ ንዑስ ተቋራጮች መካተታቸውን በዓይኑ ማየት ይኖርበታል።

ካር የሚገዛ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያነበው የሚገባው፣ ነገር ግን ብዙዎች የሚዘሉት አንድ ገደብ አለ። በተለመደው የካር ውል መሠረት በንዝረት ወይም የአፈር ድጋፍ በመነሣቱና በመዳከሙ ምክንያት በጎረቤት መሬትና ሕንፃ ላይ የሚደርስ ጉዳት፣ በተጨማሪ ስምምነት ካልተካተተ በቀር አይሸፈንም። ቤቶች አጥር ለአጥር በተጠጋጉበት እንደ አዲስ አበባ ባለ ከተማ ግን አነስተኛ ተቋራጭን ይበልጥ የሚያሰጋው ይኸው ነው፤ ለቤዝመንት የተቆፈረው ጉድጓድ የጎረቤቱ ግድግዳ ሥር ይደርሳል፣ ክረምቱ ሳያልቅ አፈሩ ይናዳል። ይህን ጉዳት ወደ ሽፋኑ የሚያስገባው ተጨማሪ ስምምነት፣ ኢንዶርስመንት የሚባለው፣ ቢሆንም እንኳ የራሱ ቅድመ ሁኔታ አለው። የጎረቤት ቤት ከሥራው በፊት ደኅና የነበረ መሆን አለበት፤ ሽፋኑም በተለመደው አጻጻፍ ሙሉ ወይም ከፊል መደርመስን እንጂ የሕንፃውን ጥንካሬ የማይነካ ስንጥቅን አያካትትም። ስለዚህ ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት የጎረቤትን ግድግዳ ፎቶ አንሥቶ፣ ያሉትን ስንጥቆች መዝግቦና ባለቤቱን አስፈርሞ ማስቀመጥ ከአረቦን፣ ማለትም ለመድኑ ከሚከፈለው ዋጋ፣ ቅናሽ የበለጠ ይጠቅማል። በዓመታዊው ፖሊሲም ተመሳሳይ ገደብ ሊኖር ስለሚችል ይህ ጉዳት መሸፈን አለመሸፈኑ ለሁለቱም ይጠየቃል።

ሁለቱም ፖሊሲዎች የራስን ሠራተኛ አያውቁም። ከባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ የወደቀ የቀን ሠራተኛ በውሉ ቋንቋ ሦስተኛ ወገን አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ግን አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ለሥራ ላይ ጉዳት ኃላፊ ነው፤ በጡረታ ሕግ ያልተሸፈነ ሠራተኛ ዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት ከደረሰበት ካሳው የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ ይሆናል። በወር 9,000 ብር ለሚከፈለው ሰው ይህ 540,000 ብር ማለት ነው። ለዚህ የሠራተኞች ጉዳት ካሳ መድን ለብቻው ይገዛል። በዚህ መድን ላይ አረቦን ለመቀነስ ሲባል ደመወዙ 6,000 ብር ተብሎ ተመዝግቦ ከሆነ ስሌቱ 360,000 ብር ላይ ስለሚቆም ቀሪው 180,000 ብር ከተቋራጩ ኪስ ይወጣል። በእኔ እምነት ገንዘቡ ለአንድ ፖሊሲ ብቻ የሚበቃ ብዙ ሠራተኛ ያለው ተቋራጭ መጀመሪያ ይህን ቢገዛ አይሳሳትም።

ከሁለት ድርጅቶች የቀረበን ዋጋ ሲያነጻጽሩ ከአረቦኑ በፊት የሚታየው የካሳ ጣሪያው ነው። ለምሳሌ አንዱ ለአንድ አደጋም ለዓመቱም 500,000 ብር፣ ሌላው ለአንድ አደጋ 500,000 ለዓመቱ ግን 1,500,000 ብር ቢያቀርቡ፣ በኅዳር 400,000 ብር የተከፈለበት ሰው በሚያዝያ የ300,000 ብር ጉዳት ቢያደርስ ከመጀመሪያው ድርጅት የሚተርፍለት 100,000 ብር ብቻ ነው። ኤክሰስ የሚባለው ገዢው ራሱ የሚሸከመው ድርሻም «ከጉዳቱ 10 በመቶ» ተብሎ ብቻ ሳይሆን «ከዚህ መጠን ሳያንስ» ተብሎ ስለሚጻፍ፣ ትንንሽ ጉዳት የሚበዛበት ሥራ ላይ ያለ ሰው ዝቅተኛውን መጠን ይመልከት።

የራስን የተበላሸ ሥራ እንደገና የመሥራት ወጪን ግን የትኛውም ፖሊሲ አይሸፍንም። የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ በደንብ ባለመታሸጉ ውኃ ወርዶ የታችኛውን ፎቅ ኮርኒስ ካበላሸ ኮርኒሱ ሊካስ ይችላል፤ ሴራሚኩን ነቅሎ እንደገና ማንጠፍ ግን የባለሙያው ዕዳ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለሕንፃ ሥራ ጥንካሬ ተቋራጩን ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ ስለሚያደርገው፣ ርክክብ ላይ የሚያበቃው ካር ይህን ረጅም ኃላፊነት እንደማይሸከም ከወዲሁ ማወቅ ይገባል። ዲዛይን የሚሠራ መሐንዲስም የሙያ ኃላፊነት መድን እንጂ ካር አይጠቅመውም።

ካፌ ወይም ሱቅ ላለው ሰው ምርጫው ቀላል ነው፤ ዓመታዊው የሕዝብ ኃላፊነት መድን ይበቃዋል። ምግብ የሚሸጥ ከሆነ ግን ከተሸጠው ነገር የሚመጣ ጉዳት መካተቱን፣ ተከራይ ከሆነ ደግሞ በእጁ ያለው የአከራዩ ቤት መሸፈኑን ለይቶ ይጠይቅ፤ ሁለቱም በተጨማሪነት ካልተጻፉ ብዙ ጊዜ ከሽፋኑ ውጪ ናቸው።

የትኛውም ቢመረጥ የመድን ጥያቄ ቅጹን ወኪሉ ሞልቶ «እዚህ ጋር ይፈርሙ» ሲል፣ ገዢው የቁፋሮውን ጥልቀት፣ የሠራተኛውን ቁጥርና ደመወዝ ራሱ አንብቦ አርሞ ይፈርም፤ ቅጂውንም ይያዝ፤ ካሳ ሲጠየቅ መጀመሪያ ከፋይሉ የሚወጣው ያ ቅጽ ነው።