ከቤት ውስጥ ሆኖ ጭስ ማውጫ ለመጥረግ የትኛው ይሻላል? በእጅ የሚገፋው ብሩሽ፣ በድሪል የሚሽከረከረው ወይስ ዱቄቱ

ደሴ ብርዷን የምታሳየው ከኅዳር በኋላ ነው። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ንፋስ ሲጀምር ፋየርፕሌስ ያለው ሳሎን ከየትኛውም ቦታ ይሻላል፤ ጭሱ ወደ ላይ መሄዱን ትቶ መጋረጃው ላይ እስኪሰፍር ድረስ ማለቴ ነው። ያን ጊዜ ጭስ ማውጫው ጥቀርሻ ይዟል። ድሮ መፍትሔው ጣራ ላይ ወጥቶ ገመድ ላይ ድንጋይና ቅርንጫፍ አስሮ መልቀቅ ነበር። ውርጭ ያረፈበት ቆርቆሮ ላይ ማለዳ የወጣ ሰው ግን ለምን ከታች፣ ከምድጃው አፍ በኩል መጥረግን እንደምመርጥ ይገባዋል።

ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ውስጡን እዩ። እሳቱ ከጠፋ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይለፈው፤ አመድ ውስጥ የተቀበረ ፍም ቶሎ አይሞትም። ከዚያ የጭስ ማውጫውን መዝጊያ ከፍታችሁ የስልካችሁን መብራት አብሩና ቪዲዮ አንሱ። ግድግዳውን በምስማር ጫሩት። እንደ ዱቄት የሚረግፍ ጥቁር ነገር ከሆነ ቀላል ነው። እንደ ቅርፊት የሚሰባበር ከሆነ ጠንከር ያለ ብሩሽ ይፈልጋል። እንደ ሬንጅ የሚያብለጨልጭና ምስማሩ የሚንሸራተትበት ከሆነ ግን ክሪዮሶት፣ ማለትም ከእንጨት ጭስ የሚቀር ሬንጅ መሰል ዝቃጭ፣ ደርቆ ተጋግሯል፤ እሱን ብሩሽ ብቻውን አይነቅለውም። ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ከደረሰ አታቆዩት፤ ክሪዮሶት ራሱ ይቀጣጠላል፣ እዚያ ውስጥ የተነሣ እሳት ደግሞ ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል። መነሻው ብዙውን ጊዜ እንጨቱ ነው። ትናንት ተቆርጦ ዛሬ ገበያ የወጣ ባሕር ዛፍ ሲነድ እርጥበቱና ጭሱ ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ። የእንጨቱ እርጥበት ከ20 በመቶ በታች መሆን አለበት፤ ይህ ማለት ፈልጦ ከዝናብ አስጠልሎ ወራት ማቆየት ነው።

አሁን ወደ ዕቃው። በእጅ የሚገፋው የሽቦ ብሩሽ ርካሹ ነው፤ መብራት አይፈልግ፣ ባትሪ አይፈልግ። ዘንጎቹን አንዱን ከሌላው እያያያዛችሁ ወደ ላይ ትገፉታላችሁ። በጡብ ወይም በሸክላ ለተሠራ ቀጥ ያለ ጭስ ማውጫ ጥሩ ነው። ለላሜራ ቱቦ ግን ሽቦው ስለሚጭረው የፕላስቲክ ጸጉር ያለውን ውሰዱ። መጠኑ ከጭስ ማውጫው ውስጥ ጋር እኩል ይሁን፤ አራት ማዕዘን ለሆነው አራት ማዕዘን፣ ለክቡ ክብ። እኔ የገዛሁበት ሱቅ «ሁሉም አንድ ነው» ብሎኝ ነበር። አንድ አይደለም።

ትልቁ ጉድለቱ መሃል ላይ አለመመለሱ ነው። ሽቦው ወደ ላይ ሲሄድ ወደ ታች ይታጠፋል፤ ስትጎትቱት ተገልብጦ ይነክሳል። ጫፍ ድረስ ወጥቶ አየር ላይ መዞር አለበት። እኔ ይህን ሳላውቅ ግማሽ መንገድ ላይ ጎተትኩት፣ አልመጣ ሲለኝ ወደ ግራ አዞርኩት። ዘንጉ ተፈታ። ብሩሹ እዚያው ቀረ። በመጨረሻ አንድ ቆርቆሮ ሠራተኛ «አብሽር ጋሼ፣ ይወጣል» እያለ ጣራ ላይ ወጥቶ ከላይ አወጣልኝ፤ የሸሸሁት ጣራ አልቀረልኝም። ጥርስ ያለው ዘንግ ከገዛችሁ እጃችሁ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ብቻ ይዙር።

በድሪል የሚሽከረከረው ዋጋው ከፍ ይላል፤ ድሪል ከሌላችሁማ ወጪው ሌላ ነው። ጫፉ ላይ ያሉት የሣር ማጨጃ ክር የመሰሉ ወፍራም የናይለን ክሮች ሲሽከረከሩ ተዘርግተው ግድግዳውን ይገርፋሉ። ስለዚህ ክብም አራት ማዕዘንም ይሠራል፣ ዘንጉ ስለሚለመጥ መታጠፊያ ያልፋል፣ በፈለጋችሁ ጊዜ ወደ ታች ይመለሳል። የጭስ ማውጫው ቆብ ለማይነቀልበት ቤት ከዚህ የተሻለ አላየሁም። ሦስት ነገር ተጠንቀቁ፦ ዘንጎቹ በጥርስ ሳይሆን በቁልፍ ጠቅ ብለው የሚያያዙ ይሁኑ፣ ድሪሉን በዝግታ አሽከርክሩት፣ ትኩስ ጭስ ማውጫ ውስጥ አታስገቡት፤ ናይለኑ ይቀልጣል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር በባትሪ የሚሠራ ድሪል ይሻላል።

ዱቄቱ እሳት ላይ የሚበተን ኬሚካል ነው። የተጋገረውን ክሪዮሶት አድርቆ ተሰባሪ ያደርገዋል እንጂ ከግድግዳው አያወርደውም፤ ከኋላው ብሩሽ መግባት አለበት። ከብሩሽ በፊት ረዳት አድርጎ መግዛት ያስኬዳል። በብሩሽ ፋንታ መግዛት ግን ገንዘብ ማቃጠል ነው፣ እውነተኛ ማቃጠል።

እንደገና ብገዛ የድሪሉን እወስዳለሁ። ቤታችሁ አንድ ፎቅ ብቻ ሆኖ ቀጥ ያለ የጡብ ጭስ ማውጫ ካለው፣ በዓመት አንዴም ከሆነ የምትጠርጉት፣ የእጁ ይበቃችኋል።

የቤት ቫኩም ለዚህ ሥራ አይሆንም። ጥቀርሻው ደቃቅ ስለሆነ ከፊት የሳበውን ከኋላ ሳሎን ላይ ይረጨዋል። የአመድ ቫኩም ከሌለ መጥረጊያና አካፋ ይሻላሉ። የምድጃውን አፍ በላስቲክና በፕላስተር ሸፍናችሁ ለዘንጉ የሚበቃ ቀዳዳ ብቻ ተዉ፤ ማስክና መነጽርም አድርጉ። ከመዝጊያው ጀርባ ትንሽ መደርደሪያ አለች፤ የወረደው ሁሉ እዚያ ይከማቻል። እሷን በእጅ ካላወጣችሁ ጠርጌያለሁ አትበሉ።

ለእንጀራ ምድጃ ቀጭን የላሜራ ቱቦ ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ሲቀዘቅዝ ነቅሎ ውጭ ማራገፍ ነው።

ወደ ሱቅ ስትሄዱ የጭስ ማውጫውን ወርድና ቁመት ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ያዙ። ዘንጎቹ ብዙ ጊዜ አንድ አንድ ሜትር ናቸው። የእኔ ቤት ስድስት ይፈልግ ነበር፣ ካርቶኑ ውስጥ ያለው አምስት። ስድስተኛውን ከሌላ ሱቅ ገዛሁ፣ ጥርሱ አልገጠመም። አሁን ጓሮ ውስጥ የቲማቲም ድጋፍ ሆኗል።