ድሬዎች፣ «ለማዳ ነው» ተብሎ የሚሸጠውን ኮካቲየል ተጠንቀቁ

ኮካቲየል የምትባለውን ትንሽ በቀቀን ለልጆቻችሁ ልትገዙ ካሰባችሁ መጀመሪያ ይህን አንብቡ። ቁንጮዋ የቆመ፣ ጉንጯ ላይ ብርቱካናማ ክብ ያላት፣ የአውስትራሊያ ወፍ ናት። እኔም እወዳታለሁ። ቅሬታዬ ከአንዳንድ ሻጮች ጋር ነው።

ዋናው ማጥመጃቸው «ለማዳ ነው» የሚለው ቃል ነው። ኬጁን ከፍተው እጃቸውን ይሰዳሉ። ወፉ አይነክስም፣ አይሸሽም፣ ዝም ብሎ ይያዛል። «አየሽ፣ ሰው ለምዷል» ይላሉ። ሳቢያን የምትኖረው እህቴ የገዛችው እንዲህ ተብላ ነው። ወፉ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ሻጩ «ከሞተ እቀይራለሁ» ብሎ ነበርና ቀየረላት። ሁለተኛው የወጣው ከዚያው ኬጅ ነው፤ እሱም ሞተ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይነሳም።

የታመመ ወፍና ለማዳ ወፍ ላላወቀ ሰው ይመሳሰላሉ። ወፍ ሕመሙን አቅሙ እስከፈቀደ ይደብቃል፤ ዱር ላይ ደከም ያለ ቶሎ ይበላል። መደበቅ ሲያቅተው ደግሞ ለመሸሽም ለመንከስም ጉልበት የለውም። ያንን ነው «ለማዳ» ብለው የሚሸጡላችሁ።

እኛ ድሬዎች ግን አንድ ጥሩ መለያ አለን፤ ሙቀታችን። ወፍ ላባውን ነፍቶ የሚቆየው ገላውን ለማሞቅ ነው። በእኛ ቀትር ጤነኛ ኮካቲየል ላባውን ይሰበስባል፣ ክንፉን ከጎኑ ራቅ ያደርጋል፣ ሲብስበት አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል። እኛ ሸሚዝ አውልቀን በምንቀመጥበት ሰዓት ወፉ ተነፋፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ኬጁ ወለል ላይ ከተቀመጠ አንድ ነገር ሆኗል። ሻጩ «ተመችቶት ነው» ካላችሁ አትስሙት። በእርግጥ ላባውን ሲያጸዳና ሲያሸልብ ለአፍታ መንፋቱ ያለ ነው። እናንተ ቆማችሁ ስታዩት፣ ስታወሩ፣ ሌሎቹ ሲንጫጩ፣ እሱ እንደዚያው ከሆነ ነው የሚያሰጋው።

ስለዚህ «ከምሳ በኋላ ኑ» ቢሏችሁ እሺ አትበሉ። በዚያ ሰዓት ጤነኛውም ወፍ ያንቀላፋል (ሻጩም በርጫ ላይ ነው)። በማለዳ ወይም ፀሐይዋ በረድ ስትል ሂዱ። ጭራው በትንፋሹ ልክ ከፍ ዝቅ ይላል ወይ? ከጭራው ሥር ያለው ላባ በኩስ ተበክሏል? የደረቱን መሐል ስትዳስሱ አጥንቱ ስል ሆኖ ወጥቷል? ከእነዚህ አንዱ ካለ ብራችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አቆዩት። ከዚያው ኬጅ ሌላ ወፍም አትግዙ።

የእውነት ለማዳ የሆነ ወፍ በራሱ ፈቃድ ጣት ላይ ይወጣል። መጀመሪያ ሻጩ ያሳያችሁ፣ ከዚያ እናንተ ሞክሩ። የፈራ ኮካቲየል ቁንጮውን ወደ ኋላ አስተኝቶ «ሽሽሽ» ይላል። እኔን ብትጠይቁኝ ዝም ከሚለው በሽተኛ ሽሽ የሚለውን ጤነኛ እመርጣለሁ። በትዕግሥት ይላመዳል። ዋጋው ግን የለማዳ ዋጋ መሆን የለበትም።

«ያወራል» የሚለውም አለ። ስልክ አውጥተው የሌላ ወፍ ቪዲዮ ያሳያሉ። ኮካቲየል በአብዛኛው ፉጨት ነው ችሎታው፤ ቃል የሚለምዱት አንዳንድ ወንዶች ናቸው፣ ሴቶቹ እምብዛም። ጫጩት ይዘው «የተረጋገጠ ወንድ ነው» ወይም «ጥንድ ነው» ብለው ዋጋ የሚጨምሩትማ ይገርሙኛል። ግራጫው ኮካቲየል ከመጀመሪያ የላባ ቅየራው በፊት፣ ማለትም እስከ 6 ወር ገደማና ከዚያም በላይ፣ ወንዱም ሴቷን ይመስላል። በዓይን አይቶ መማል አይቻልም።

ሻጩ የማይነግራችሁ ሌላም ነገር አለ። በደንብ ከተያዘ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይኖራል፤ ዛሬ የገዛችሁላት ልጅ ስትዳር ወፉ ቤት ሊቀር ይችላል። «ጥሬ እህል ብቻ ስጡት» ይላሉ፤ ጥሬ ብቻ የሚበላ ወፍ ጉበቱ ይሰባል፣ ቫይታሚን ኤ ያጥረዋል። ጎመንና ካሮት ጨምሩለት። አቮካዶ ግን መርዙ ነው። ሳምባው ጭስ አይችልም፤ ከሰል፣ እጣን፣ ሺሻ ባለበት ክፍል አታስቀምጡት። የማያጣብቅ መጥበሻ ከመጠን በላይ ሲግል የሚወጣው ጋዝ በደቂቃዎች ይገድለዋል። ከኬጁ ስትለቁትም የጣሪያውን ፋን አጥፉ። ላባው ዱቄት ስለሚያራግፍ አስም ያለበት ሰው ካለ ቀድማችሁ አስቡበት።

አሁን ገዝታችሁ የተጠራጠራችሁ ደግሞ ወፉን ከሌሎች ወፎች ለዩት፤ ወፍ የሚያውቅ የእንስሳት ሐኪምም ፈልጉ። ከበቀቀን ወደ ሰው የሚተላለፍ ሲታኮሲስ የሚባል በሽታ አለ፤ የደረቀ ኩስ ብናኝ በመተንፈስ ይይዛል። ኬጁን በደረቁ አትጥረጉ፣ አርጥባችሁ አጽዱ፣ እጃችሁን ታጠቡ። ከቤተሰቡ አንዱ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ደረቅ ሳል ከያዘው ሐኪም ቤት ስትሄዱ «ቤታችን ወፍ አለ» በሉ። ካልተናገራችሁ ሐኪሙ ላያስበው ይችላል፤ ከታወቀ ግን በአንቲባዮቲክ ይታከማል።