የጤና ወረቀቱ የክፍል 4፣ አይጦቹ የክፍል 9

ለምርምር የሚሆኑ አይጦችን ከውጭ ለምታስመጡ ባልደረቦቼ፤ ይህን የምጽፈው ሃምሳ አይጦችን በካርቦን ዳይኦክሳይድ ገድለን የለይቶ ማቆያ ክፍሉን ባጠብን በማግስቱ ነው፤ ስለዚህ ቃሌ ቢከር አትፍረዱብኝ።

የሻጩን ዓይነት ታውቁታላችሁ። ራሱ አያረባም፤ ከየአርቢው ገዝቶ፣ በሳጥኑ ላይ የራሱን ስም ለጥፎ የሚልክ አቅራቢ ነው። ስለ ጤናቸው ሲጠየቅ «ሁሉም ኤስፒኤፍ ናቸው» ይላል፤ የጤና ሪፖርት በኢሜይል ይልካል፤ ሙሉው ክፍያ ካልገባለት ግን የበረራ ቀን አይቆርጥም። እኔም እንደ ልማዱ ከፈልሁ። ኤስፒኤፍ ማለት በስም ከተዘረዘሩ ተህዋስያን ነጻ ማለት እንጂ ከሁሉም ነጻ ማለት እንዳልሆነ፣ ዝርዝሩ የየትኛው የእርባታ ክፍል እንደሆነ ካልታወቀም ቃሉ ባዶ እንደሆነ ለተማሪዎች የማስተምር ሰው መሆኔ ነው ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ። ሪፖርቱን አላነበብሁትም አልልም። የአይጥ ሄፓታይተስ ቫይረስ፣ የአይጥ ፓርቮ ቫይረስ፣ ማይኮፕላዝማ፣ የአንጀት ትሎች እያልሁ በጣቴ እየተከተልሁ እስከ ታች ወርጃለሁ፤ በሁሉም አንጻር «ኔጌቲቭ» ተብሏል። ያላነበብሁት የገጹን ራስጌ ነው።

ሳጥኖቹ ባለፈው ማክሰኞ ደረሱ። ጋዋን ለብሼ፣ ድርብ ጓንት አጥልቄ፣ ወደ ለይቶ ማቆያው ከመግባታቸው በፊት ውጫቸውን በፀረ ተህዋስያን ፈሳሽ እረጫለሁ፤ የአየር ማጣሪያው እንዳይርስ እየተጠነቀቅሁ። በሁለተኛው ሳጥን ላይ የአቅራቢው መለያ ጥጉ ረጥቦ ተላቀቀና ከሥሩ ሌላ መለያ ብቅ አለ፤ የአርቢው ነው። ቀስ ብዬ ላጥሁት። ዝርያው ልክ ነው፣ ጾታው ልክ ነው፣ የተወለዱበት ቀንም ልክ ነው፤ የክፍሉ ቁጥር ግን 9 ነው። ከመስታወቱ ማዶ የነበረችውን ባልደረባዬን ሪፖርቱን እንድታሳየኝ በምልክት ጠየቅኋት፤ አትማ አምጥታ መስታወቱ ላይ ለጠፈችልኝ። ራስጌው ላይ «ክፍል 4» ይላል። ሁለቱን ቁጥሮች ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አየኋቸው፤ ያ ሁሉ «ኔጌቲቭ» ስለማላውቃቸው ሌሎች አይጦች የተጻፈ ነበር።

ጉዳዩ የቁጥር ስሕተት ብቻ አይደለም። የአውሮፓ የቤተ ሙከራ እንስሳት ሳይንስ ማኅበራት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ምክር መሠረት የጤና ክትትል የሚደረገው በየክፍሉ ለየብቻ ነው፤ አንድ አርቢ ዘንድ አንዱ ክፍል ንጹሕ ሆኖ ጎረቤቱ የተበከለ ሊሆን ይችላልና።

ወዲያው ለአቅራቢው ስልክ ደወልሁ። ያነሳው ሠራተኛ በመጀመሪያ «ሕንፃው አንድ ነው እኮ» አለኝ። የሕንፃውን ሳይሆን የክፍሉን ሪፖርት እንደምፈልግ ስነግረው ሳቁን ለመደበቅ እንኳ አልሞከረም፤ «ዶክተር፣ የላክንልዎ አይጥ ነው እንጂ ሙሽራ አይደለም፤ የት እንዳደረች ምን ያስጨንቅዎታል?» ካለኝ በኋላ ቅሬታዬን በጽሑፍ እንዳቀርብ ነግሮኝ ዘጋው። ከማዘዜ በፊት ለዚሁ ሰው አይጦቹና ሪፖርቱ ከአንድ ክፍል መሆናቸውን ጠይቄው «ታዲያ ከየት ሊሆን ነው?» ብሎ ሲመልስልኝ እንደ መልስ ቆጥሬ ዝም ማለቴን አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ከሰዓት በኋላ የስድስቱን አይጦች ጅራት ሥር በግልጽ ፕላስተር ነክቼ በማይክሮስኮፕ አየሁ፤ በአራቱ ላይ በአንድ ጎን ጠፍጠፍ ያለ፣ ሙዝ የመሰለ የሲፋሲያ ትል እንቁላል ነበር። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ፌንቤንዳዞል የተባለ የትል መድኃኒት የተቀላቀለበት መኖ እየመገብሁ፣ ኬጅና ሰጋቱራ እየለወጥሁ እታገለው ነበር። የተህዋስያንን ዘረመል የሚፈልገው የፒሲአር ምርመራ ውጤት ሰኞ ሲመጣ ግን በሰገራቸው ውስጥ የአይጥ ሄፓታይተስ ቫይረስ መገኘቱን አረዳን። ይህ ቫይረስ ከኬጅ ወደ ኬጅ በፍጥነት የሚዛመት፣ መድኃኒት የሌለው፣ የበሽታ መከላከያ ምርምርን ውጤት የሚያዛባ ነው። ዝርያው እንደ ልብ የሚገኝ በመሆኑ በፅንስ ዝውውር፣ ማለትም ፅንሶቹን ወደ ንጹሕ እናት በማዛወር፣ እናጽዳው ቢባል ወጪው ከአይጦቹ ዋጋ ይበልጣል። ለስምንት ሳምንት የታሰበው ለይቶ ማቆያ በሳምንቱ አበቃ። ግቢው ውስጥ ያሉት የራሳችን አይጦች የተረፉት ለይቶ ማቆያው የራሱ ሠራተኛና የራሱ ዕቃ ስላለው ብቻ ነው፤ ለዚህ ደግሞ አቅራቢውን የማመሰግንበት ምክንያት የለኝም።

ስታዝዙ የጤና ሪፖርቱ ላይ ያለው የክፍል ቁጥር በውሉ ውስጥ በጽሑፍ ይግባ፤ ሪፖርቱም ከሦስት ወር ያልበለጠው ይሁን። ከተቻለ ከክፍያው ግማሹ የእናንተ ምርመራ ውጤት እስኪመጣ ድረስ በእጃችሁ ይቆይ። በሳጥን ላይ ሁለት መለያ ካያችሁ የላይኛውን ላጡት።

ዛሬ ጠዋት ከአቅራቢው መልእክት ደረሰኝ። ስለ አይጦቹ አንድም ቃል የለበትም፤ ሳጥኖቹ በአደራ የተሰጡ ስለሆኑ በአስቸኳይ ይመለሱ ይላል። ሳጥኖቹን ትናንት አቃጥለናቸዋል።